ጨረሩ ያላሟሟው እብጠት

ታናሽ እህቴ ባፈና ደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት የሠራች ናት። ለሳቅ የፈጠነች፣ ለሐኪም ቤት የዘገየች! ጭኗ ላይ ሎሚ የሚያህል እብጠት ሲወጣ «የሽመና መኪናው ገጭቶኝ ነው» ብላ ስድስት ወር ዝም አለች።

በመጨረሻ አዲስ አበባ ሆስፒታል ወሰድኳት፤ ሐኪሙ ለብቻዬ ጠርቶ ካንሰር ነው አለኝ። መጀመሪያ አምስት ሳምንት ጨረር፣ ትንሽ አርፋ ቀዶ ጥገና፤ እንዲህ ከተደረገ እግሯ ሳይቆረጥ እብጠቱን ብቻ የማውጣት ተስፋ አለ። እኛ ዘንድ ደግሞ ለታማሚ ክፉ ስም አይነገርም። ምላሴ ይቆረጥና፣ «እባጭ ነው፤ ጨረሩ ያሟሟዋል፤ ቢላ የሚባል የለም» አልኳት።

ጨረሩ አለቀ። ቆዳዋ ጠቆረ፤ እብጠቱ ግን መሟሟት ቀርቶ ጭራሽ የጨመረ መሰለ። ሐኪሙ «መጠኑን አትዩ፤ ብዙ ጊዜ ሳይቀንስም ውስጡ ይሞታል» ቢለኝም ለእሷ አልነገርኳትም። ደብረ ብርሃን ተመልሰን የቀዶ ጥገናው ቀን ሲቃረብ «ሐኪሙ ጋ እንመለስ» ብላት ባፈና በሯን ቆለፈች።

«ጨረርም ያልቻለው ነገር ነው፣ እትዬ። አንኮበር ወስደሽ እናታችን አጠገብ ቅበሪኝ።»

ጉድ ፈላ! ውሸቴ እህቴን ሊገድላት ነው። በሩ ሥር ተቀምጬ ሁሉንም ዘረገፍኩት፤ ካንሰር መሆኑን፣ ጨረሩም የተሰጣት ቢላው እግሯን እንዲያተርፍላት መሆኑን። በሩን ከፈተች። ፊቷ አመድ መስሏል።

«ስንት ቀን ቀረን?»

«ሦስት።»

ከቀዶ ጥገናው ስትነቃ መጀመሪያ የጠየቀችው እግሯን ነው። «አለ፣ አለ» አልኳት።

«አንቺን አላምንም። ግለጪው።»

እኔስ መች አይቼው! ከወገቧ በታች ማየት ፈርቼ ፊቷ ፊቷን ነበር የማየው። ክፉ ልማድ ሆኖብኝ ደግሜ ዋሽቻታለሁ። ብርድ ልብሱን ገለጥኩ። ሁለት እግር! አውራ ጣቷን ስታነቃንቅ አለቀስኩ።

ውጤቱ የመጣ ዕለት ሐኪሙ እንደ ልማዱ ወደ ጎን ሊጠራኝ ሲል፣ «እሷው ትስማ» አልኩት። ከወጣው እብጠት አብዛኛው ሞቷል፣ ዳር ዳሩም ንጹሕ ነው፣ የተረፈ ካንሰር አልታየም አለ፤ ግን ወደ ሳንባ እንዳልሄደ ለማወቅ በየሦስት ወሩ ትታያለች።

ባፈና እጄን ጭምቅ አድርጋ ያዘች።

«እትዬ፣ ፈራሁ።»

«እኔም» አልኳት።