መስታወቱ ላይ የቀረው ቅባት

ከዚራ ሰፈር አንድ ፈረንጅ ቤተ ሙከራ ስቀጠር ማንበብም መጻፍም አላውቅም ነበር። ሥራው ሲያዩት ጨዋታ ይመስላል። ፈረንጁ ቁርጥራጭ መስታወት በአሲድ አጥቦ ኬሚካል ውስጥ ይነክራል፤ ሲደርቅ ሁለት ሁለቱን ሲሊኮን በሚባል ሙጫ ያጣብቃል። እኛ ከታችኛው መስታወት ላይ ባልዲ አንጠልጥለን፣ እስኪላቀቁ ድረስ የደቻቱን ወንዝ አሸዋ ቀስ እያልን እንጨምርበታለን። ከዚያ ባልዲው ይመዘናል። የትኛው ኬሚካል መስታወቱንና ሙጫውን አጥብቆ እንደሚያያይዝ የሚታወቀው በዚህ ነው። ያኔ ግን ይህን የነገረን የለም።

እኛ የምለው እኔንና አንድ የመጋላ ሱማሌ ነው። በዕድሜ ይበልጠኛል፣ በቀልድም። ፈረንጁ አሸዋ የሚወድ ከሆነ ደቻቱን እንዳለ እንሽጥለት ይል ነበር።

የፈረንጁ አስተርጓሚ፣ በዚያ ሙቀት ኮሌታውን እስከ ጉሮሮው የሚቆልፍ ሰው፣ አንድ ነገር ብቻ አዘዘን፤ መስታወቱን በእጅ እንዳትነኩ። ጓደኛዬ ታዘዘ። ተነክሮ የደረቀውን መስታወት በሽርጡ ጫፍ ይዞ፣ ወልወል አድርጎ ለፈረንጁ ያቀብል ጀመር። ዕቃ ሳይወለውሉ ለሰው መስጠት ነውር ነው። እኔም ደግ አደረገ አልኩ።

መስታወቶቹ ባልዲው ሳይጋመስ መላቀቅ አመጡ። ፈረንጁ ኬሚካሉን ቀየረ፣ ሙጫውን ቀየረ፤ በመጨረሻ ጓደኛዬን ሲወለውል አየውና ጮኸበት። ጓደኛዬ በእጄ አልነካሁም፣ ሽርጡም የታጠበ ነው እያለ ብዙ ተናገረ። እኔም መሰከርኩለት። ያ ሁሉ ንግግር በአስተርጓሚው አፍ ሲያልፍ አንዲት ቃል ሆኖ ወጣ። ጓደኛዬ በዚያው ቀን ተባረረ።

የማታ ትምህርት የገባሁት በንዴት ነው፤ ሌላ ሰው በእኔ አፍ እንዳይናገር። ፊደል ቆጥሬ፣ ፈረንጁ የሚናገረውን ፈረንሳይኛም ለቃቅሜ፣ ነገሩ በስንት ጊዜው ገባኝ። ኬሚካሉ መስታወቱ ላይ ዓይን የማያየው ስስ ልባስ ይተዋል፤ ሙጫው የሚይዘው እሱን ነው። ከሽርጥ የተላለፈች ጥቂት ቅባት መካከላቸው ከገባች አይያያዙም።

ደስ ብሎኝ መጋላ ሄድኩ። ጓደኛዬ በሩ ላይ ከሰል ይቸረችራል። ከዚያ ወዲህ ደህና ሥራ አላገኘም። ለጠየቀው ሁሉ ፈረንጁ ጠልቶኝ ነው ይላል፤ ሰፈሩም ያምነዋል። ቁጭ ብዬ እንደ አስተማሪ አስረዳሁት። እስክጨርስ ሰማኝ።

"ታዲያ ያበላሸሁት እኔ ነኝ?"

"የነገረህ የለም እኮ።"

"አቦ፣ እሱን አልጠየቅሁህም።"

"አንተ ነህ" አልኩት።

አሁን ሰው ሲጠይቀው ፈረንጁን አያነሳም አሉ፤ ከሰሉን ይሰፍራል። አንተ አይደለህም ብዬው ቢሆን ምን ነበረበት? ከዚያ ሥራ የቀረው ቂሙ ብቻ ነበር፤ እሱንም ወሰድኩበት።