ከባቡሩ ላይ ያልታየው ቤት

ልጄ ባቡር በዓይኑ አይቶ አያውቅም፤ እኔም አላየሁም። እንጅባራ ውስጥ ባቡር አይቻለሁ የሚል ሰው ቢገኝ ወይ ወታደር የነበረ ወይ ድሬዳዋ ድረስ የነገደ ነው። ባቡር በእኛ በኩል ሊያልፍ ነው የሚል ወሬ በተነሳ ሰሞን ግን ልጄ ከጓዳችን ውስጥ ባቡር መሥራት ጀመረ።

ሕፃን ሆኖ አይደለም። ቅየሳ ተምሮ፣ ፕላን በሚያነሳ አንድ የግል ቢሮ ተቀጥሮ፣ ጢም ያወጣ ሰው ነበር። ቀን ባለ ሦስት እግሩን መሣሪያ ተሸክሞ ሲዞር ይውላል፤ ከሥራ ሲመለስ ስልኩ ላይ የፈረንጅ ፊልም ያያል። ፊልሙ ላይ ሰው የለበትም። ጠረጴዛ ላይ የተሠራ ከተማ፣ ተራራ፣ ድልድይ ነው። ትንሿ ባቡር ጫፍ ላይ አውራ ጣት የምታክል ካሜራ ያስሩባታል፤ ባቡሯ ስትሄድ ካሜራዋ ታነሳለች። የሚያየው ሰው ባቡሩ ውስጥ የተቀመጠ ይመስለዋል።

"እማዬ፣ ነይ ተሳፈሪ" ይለኝ ነበር ስልኩን ወደ እኔ አዙሮ።

"ሾፌሩ ማነው?" እለዋለሁ። እሱ ይስቃል፤ እኔ ግን ግማሹ የምሬን ነበር።

እኔ ፈሪ ነኝ። ከአራተኛ ክፍል ካቋረጥሁ ወዲህ ራሴን ያስተማርሁት ነገር ቢኖር መጠንቀቅ ነው። በር ቆልፌ ከሄድሁ በኋላ ተመልሼ ቁልፉን እስበዋለሁ። ልጄ ለሥራ ወደ ግምጃ ቤት ከተማ ሲሄድ ሚኒባሱን ማን እንደሚነዳው ሳልጠይቅ አልሸኘውም። መነኸሪያው በር ላይ ቅቅል ድንች በአዋዜ ስለምሸጥ ሾፌሮቹ ያውቁኛል፤ "እትዬ፣ ዛሬስ ልጅሽን ከእንቁላሉ ጋር እንጫነው?" እያሉ ይቀልዱብኛል። ባሌ ከሞተ ወዲህ ደግሞ ባሰብኝ። እንቅልፍ እንደማጣ ስለሚያውቁ ዘመዶቼ ክፉ ነገር ሲኖር ይደብቁኛል። ዳንግላ ያለችው እህቴ ታማ ሆስፒታል መተኛቷን የሰማሁት ድና ልትጠይቀኝ ስትመጣ ነው። "ብነግርሽ እኔን ትተው አንቺን ሊያስታምሙ ነው" አለችኝ። ቤቱ ሁሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ነገሩ ግን ከሆዴ አልወጣም።

ቤታችንን የሠራው ባሌ ነው። የዘንገና ሰው ነበር፤ አፉን የፈታው በአገውኛ ስለሆነ ሲናደድ በአማርኛ ጀምሮ በአገውኛ ይጨርሳል። ቀርከሃውን ከአባቱ ጓሮ ቆርጦ በጋሪ አመጣ፤ ጭቃውን አብረን ረገጥን። የበሩን ጉበን ዝቅ አድርጎ ስለሠራው ረዘም ያለ እንግዳ ሁሉ ግንባሩን ይመታው ነበር። አስተካክለው ሲሉት "ቤት ነው፤ ጎንበስ ብሎ ይግባ" ይል ነበር። ልጄ አባቱን በቁመት ያለፈ ቀን ግንባሩን ተመታ። ሁላችንም ያን ቀን የጠበቅነው ይመስል ተሳሳቅን።

ለባቡሩ ቦታ እንዲሆን ድንቹን ከጓዳ አውጥቼ ከአልጋዬ ሥር ከተትሁት። ልጄ የጣውላ መደብ ሠራ። ሐዲዱን ከተሰነጠቀ ቀርከሃ፣ ባቡሩን ከዘይት ቆርቆሮ፣ ሞተሩን ከተበላሸ ቴፕ አወጣው። ፈረንጆቹ የራሳቸውን አገር እንደሚሠሩ ሁሉ እሱም የኛን ሰፈር ልሠራ ነው አለ፤ ባቡሩ መጥቶ በመሐላችን ሲያልፍ ምን እንደሚመስል።

ያን ጊዜ እኔ አስፈለግሁት። እሱ መሬቱን ይለካል እንጂ የሰው በር አያውቅም። "የወፍጮ ቤቱ መዝጊያ ምን ቀለም ነው?" ይለኛል። "የልብስ ሰፊዋ መጋረጃስ?" "የመምህሩ አጥር ስንት ቦታ ተቀዷል?" እኔ እነግረዋለሁ፣ እሱ ከካርቶን ይቆርጣል። መጋረጃውን ከራሷ ከልብስ ሰፊዋ ቁራጭ ለምኜ አመጣሁለት፤ ሰማያዊ ነበር። ሣሩን የመጥረጊያ ጭራሮ አድቅቄ ሠራሁለት። ከልጅነቱ ወዲህ እንዲያ ተቀምጠን የሠራነው ሥራ አልነበረም።

ካሜራዋን ጓደኛው ከባሕር ዳር ይዞለት መጣ። ከክብሪት ሳጥን ታንሳለች። በመጀመሪያ ቀን ባቡሯ ላይ በመኪና ጎማ ከመነዳሪ ላስቲክ አሰራት፤ ፊልሙ ሲታይ ግን ሰፈሩ ሁሉ የመሬት መንቀጥቀጥ የያዘው ይመስላል። "ከሥሯ ለስላሳ ነገር ይደረግላት" ብዬ የበግ ፀጉር አበጥሬ ሰጠሁት። ጸናች። ያነሳችውን በሚሞሪ አውጥቶ ቴሌቪዥኑ ላይ ሲያሳየኝ ደነገጥሁ። ከላይ ቁመን ስናየው መጫወቻ የሆነው ነገር ከባቡሯ ላይ ሲታይ አገር ነው። ግድግዳው ከፍ ብሎ በጎንና በጎን ያልፋል። አንድ ዝንብ ሐዲዱ ላይ አርፋ ነበርና በሬ አክላ መጣችብን፤ ወደ ኋላ አፈገፈግሁ። የሙጫው ጠብታ፣ የጣቴ አሻራ ሳይቀር ይታያል። ያች ካሜራ የምትደብቀው ነገር አልነበራትም።

ቤቶቹ ሁሉ አልቀው የኛ ብቻ ቀረ። በኛ ቤት ቦታ፣ ከመምህሩ ቤት ቀጥሎ ሐዲዱ በሚታጠፍበት፣ ባትሪውን አስቀምጦ ጨርቅ አልብሶት ነበር።

"የኛንስ?" ስለው፣ "የኛን መጨረሻ ላይ ነው፤ ተጠንቅቄ" አለኝ።

እኔም ተጠንቅቄ የሚል ቃል ስለምወድ ወደ ድንቼ ተመለስሁ።

በዚያው በጋ ቤቱን ዳግም ለሰንሁት። ጭቃ አቡክቼ፣ ጭድ ቀላቅዬ፣ ውስጡንም ውጭውንም። ልብስ ሰፊዋ በአጥር ብቅ ብላ "አማረልሽ" አለችኝ፤ ቶሎም ተመለሰች። ለፋሲካ በግ ስገዛ ደግሞ ከቤቱ ጀርባ ጫፉ ቀይ ቀለም የተቀባ ችካል አገኘሁ። ማን እንደተከለው አላወቅሁም፤ ጠንካራ ስለነበር በጉን አሰርሁበት። ልጄ ከሥራ ሲገባ በጉን አየ፣ ችካሉን አየ። "ይህ በግ ይወፍራል" አለኝና ገባ።

ዳግም ትንሣኤ ካለፈ በኋላ አንድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ "ፊልሙ አልቋል፤ ጎረቤት ጠርቻለሁ" አለኝ። ደስ አለኝ። ቆሎ ቆላሁ፣ ድንች ቀቀልሁ። ልብስ ሰፊዋ መጣች። ባለ ወፍጮው ከነሚስቱ መጣ። አጠገባችን ያሉት ጡረተኛ መምህርም ጎንበስ ብለው ገቡ፤ እሳቸው ከለቅሶ በቀር ሰው ቤት አይገቡም። ይህን ያን ጊዜ ልብ ማለት ነበረብኝ። እኔን ከመሐል አስቀመጡኝ። ልብስ ሰፊዋ ከጎኔ ልጥፍ አለች።

ባቡሯ ከመነኸሪያው ተነሳች። በሩ ላይ ጃንጥላ ዘርግታ ድንች የምትሸጥ ሴት አለች፤ ሳይነግረኝ እኔን ሠርቶኛል። እንባዬ መጣ። ወፍጮ ቤቱ አለፈ።

"ዱቄቱስ የት አለ?" አለ ባለ ወፍጮው።

"አንተ ስትሰፍር የምታስቀረውን ማን ያየዋል?" አለችው ሚስቱ።

ሳቁ ግን ቶሎ ቆመ። የልብስ ሰፊዋ ሰማያዊ መጋረጃ አለፈ። የመምህሩ የተቀደደ አጥር መጣ። ባቡሯ ታጠፈች። ከዚያ ሰፊ መንገድ ነው። በሁለት ወገን የመብራት እንጨት ተተክሏል፣ ዛፍ ተተክሏል፣ መንገዱ ባዶ ነው። እስከ ባቡር ጣቢያው ድረስ ምንም የለም። ፊልሙ እዚያ ላይ አለቀ።

"ቤታችንስ?" አልሁ።

ዞሬ አየኋቸው። ልብስ ሰፊዋ ክንዴን ይዛለች፤ መቼ እንደያዘችኝ አላውቅም። የባለ ወፍጮው ሚስት በጣሳ ውሃ ይዛ ቆማለች። መምህሩ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አድርገዋል። ከእኔ በቀር የደነገጠ ሰው አልነበረም። ሰው ሞቶበት ገና ላልሰማ ዘመድ እንዲህ ተሰብስበን መርዶ ስንነግር፣ ያን ውሃ እኔም ስንት ቤት ይዤ ቆሜአለሁ። ለራሴ ሲቀርብልኝ ግን ወዲያው አላወቅሁትም።

"ማን ሞቶ ነው?" አልኋቸው።

"ማንም አልሞተ" አሉ መምህሩ። "ወደ ባቡር ጣቢያው የሚወስደው መንገድ በዚህ በኩል ይሰፋል ተብሏል፤ ቤትሽ ይነሳል። ልጅሽ በአፉ መናገር ቢያቅተው ነው።"

"እርስዎስ መቼ ሰሙ?"

መምህሩ ባርኔጣቸውን አዟዟሩት። ልብስ ሰፊዋ በዝግታ "ከጥምቀት ወዲህ ነው" አለች።

ከጥምቀት ወዲህ። ግድግዳውን የለሰንሁት ከጥምቀት ወዲህ ነው።

ሰዎቹ ቆሎውን ሳይነኩት ሄዱ። ልጄ ሽቦውን እየጠቀለለ አልጨርስ አለ።

"ያን ችካል ማነው የተከለው?" አልሁት።

"እኔ ነኝ፣ እማዬ።"

"በጉን ሳስርበት እያየኸኝ።"

"ቢሮው ልኮኝ ነው። እኔ ባልተክለው ሌላ ሰው ይተክለው ነበር።"

"ሌላ ሰው ቢሆን ይነግረኝ ነበር።"

ሽቦውን አስቀመጠው። "ብነግርሽ ከዚያን ቀን ጀምሮ አትተኚም። እስኪፈርስ ድረስ እንኳ ተኝተሽ እደሪበት ብዬ ነው።"

ለእኔ አዝኖ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ሰፈሩ ሁሉ እያወቀ እኔ ብቻ እንደ ሞኝ ጭቃ ስረግጥ መክረሜን ያ ሐዘኔታ አያነሳልኝም። ቤቱን ልሰናበተው የምችልበትን ጊዜ በሙሉ ልስን ስለስን ጨረስሁት። ፈሪ ሰው ለክፉ ቀን አስቀድሞ ያዝናል፤ ሥራው እሱ ነው። እኔን ያንን ሥራ ነሡኝ።

ክረምቱ ሲወጣ ቤቱ ፈረሰ። ልስኑ ገና አዲስ ስለነበር ቶሎ አልወድቅ አለ፤ አፍራሾቹ "ይህን ምን አድርገሽ ነው የመረግሽው?" አሉኝ። በምትክ የተሰጠን ቦታ ከከተማው ወጣ ያለ፣ ውሃ የሚተኛበት ነው። ልጄ አግብቶ ለሥራ ዳንግላ ገባ፤ "አብረን እንኑር" ቢለኝ እምቢ ብዬ አንድ ክፍል ተከራየሁ። ባቡሩም አልመጣ። እኛ የነበርንበት ቦታ ሣር በቅሎበት የጋሪ ፈረስ ይታሰርበታል።

ከዚያ ደግሞ መንገዱ እንደገና ይሰፋል ተባለ። በዚህ ጊዜ ልብስ ሰፊዋም፣ ወፍጮ ቤቱም፣ የመምህሩም ቤት ተነሳ። ለእነሱ ማንም ተሰብስቦ ውሃ አልያዘላቸው፤ በወሬ ሰሙት።

አሁን ፊልሙን የሚፈልጉት እነሱ ናቸው። ልጄ በፍላሽ ትቶልኝ ሄዷልና እሁድ እሁድ የኪራይ ቤቴን ያንኳኳሉ። "እትዬ፣ እስኪ ያችን ባቡር ክፈችልን" ይሉኛል። እከፍትላቸዋለሁ። ልብስ ሰፊዋ "እዚህ ላይ፣ እዚህ ላይ አቁሚልኝ" ትላለች። ሰማያዊው መጋረጃ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ እሷ ከፊቱ ተቀምጣ አፍንጫዋን በነጠላዋ ትጠርጋለች። መምህሩ የአጥራቸውን ቀዳዳ ይቆጥሩና "ይህን እኮ አላጠርሁትም" ይላሉ። በሮቻቸውን የነገርሁት እኔ ነኝ፤ መጋረጃውን የለመንሁት፣ ሣሩን ያደቀቅሁት እኔ። የሁሉም ቤት አለ። ባቡሯ ስትታጠፍ ሁሉም ወደ መሬት ያያሉ፤ እኔም ተነስቼ አጠፋዋለሁ።

ባለፈው ልጄ ከዳንግላ ደወለ። ጥርት አድርጋ የምታነሳ አዲስ ካሜራ አግኝቷል፤ ሰፈሩን ከመጀመሪያው እንደገና ሊሠራው ነው። "አሁን የኛን ቤት እጨምረዋለሁ" አለኝ። ደስ ብሎታል፤ ድምፁ ያስታውቃል። "እማዬ፣ መስኮቱ ከበሩ በየት በኩል ነበር? የጉበኑስ ቁመት? ለክቼው ቢሆን ኖሮ።"

መስኮቱ በግራ ነበር። ጉበኑ የእሱን ቅንድብ ይነካል፤ ቅንድቡ ላይ ጉበኑ የመታው ጠባሳ ዛሬም አለ፣ እጁን ሰዶ ቢዳስሰው ያገኘዋል።

"ረሳሁት" አልሁት።

"አንቺ? አንቺ ረሳሽ?"

"ምን ላድርግ፣ ረሳሁት። እንቅልፍ እየተኛሁ ነው መሰለኝ።"

ኔትወርኩን ሊሞክር እንደሚፈልግ ሰው "ሃሎ፣ ሃሎ" አለኝ። እየሰማሁት ነበር።