ባሕር ሳትደርስ የቀረችው ጦጢት

ልጅ ሳለሁ አመሻሽ ላይ አንድ ሥራ ነበረኝ፤ የጋሽ በላቸውን ቋጠሮ መቁጠር። ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። የምንኖረው በኬንያው ሞያሌ ነበር፤ እማዬ ግን ጠዋት ጠዋት ወደ ኢትዮጵያው ሞያሌ እየተሻገረች ልብስ ትሸጣለች፣ ማታ ኬላው ሳይዘጋ ትመለሳለች። አንዳንድ ቀን አስካሪው፣ የኬላው ፖሊስ፣ ሻንጣዋን እየበረበረ ያቆማታል፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ በዱቤ የወሰደች ደንበኛ ፍለጋ ስትዞር ይመሽባታል። ብቻ እሷ እስክትመጣ ድረስ መቆያዬ የጎረቤታችን የጋሽ በላቸው በረንዳ ነበር። ቤት ውስጥ ብቻዬን መቀመጥ እፈራ ነበር። አሁንም እፈራለሁ፣ ምን ይደረግ።

ጋሽ በላቸው የድሮ ባሕረኛ ነው። መንግሥት ሲለወጥ ሸሽቶ ኬንያ ገባ፣ ዋልዳ የስደተኞች ካምፕ ዓመታት ተቀመጠ፣ ካምፑ ተዘግቶ ሰው ሁሉ በየአቅጣጫው ሲበተን እሱ «ደክሞኛል» ብሎ ሞያሌ ላይ ቀረ። ለምን እንደቀረ ሲጠይቁት ያቺኑ አንዲት ቃል ይደግማታል እንጂ ሌላ አይጨምርም። ስለ ባሕር ከጠየቁትማ ጭራሽ ፊቱን ያዞራል። ኪሮሽ የተማረው እዚያው ዋልዳ ነው። የጎረቤት ድንኳን ሴትዮ አስተማረችው፣ መንጠቆውንም ከተሰበረ የጃንጥላ ሽቦ ራሱ ሞርዶ አበጀው። ክሩን የሚያገኘው የሚቱምባ፣ የልባሽ፣ ሹራብ ገዝቶ እየተረተረ ነበር። የሰፈር ወንዶች «ወንድ ልጅ ደግሞ ኪሮሽ!» ብለው ሲተርቡት ቀና እንኳ ሳይል «መርከብ ላይ ገመዱን የምትቋጥረው እናትህ ናት?» ይላቸዋል። በአፉ የሚችለው አልነበረም።

ይህ ሰው ታዲያ ተረት የሚያወራው መንጠቆው ሲንቀሳቀስ ብቻ ነበር። ሕጉ ነው። እያንዳንዱ ሥራ የራሱ ተረት አለው፤ ሥራው ሲጀመር ይጀመራል፣ ክሩ ሲቆረጥ ያልቃል። ሥራ ከሌለ ግን ጋሽ በላቸው ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ፣ ከከሰል ማንደጃው ከጂኮው ውስጥ የሚከስመውን ፍም እያየ፣ አንድ ቃል ሳይተነፍስ ይቀመጣል። እኔም ከጎኑ እቀመጣለሁ። የከሰሉ ጭስ ዓይኔን ያቃጥለኛል፣ መንገዱን አያለሁ፣ እማዬ አትመጣም። የዚያ ዓመት ሥራ ጠፍቶ ስለነበር ብዙ ወራት እንዲሁ ሄዱ። ያን ዝምታ እንዴት እንደምጠላው!

ከዕለታት አንድ ቀን የሐኪም ቤቱ ነርስ መጣች። የሞምባሳ ሴት ናት፤ ሥራ እዚህ ጥሏት ልጇ እናቷ ዘንድ ቀርቷል። በሚቀጥለው ሳምንት ዓርብ በሎሪ ለዕረፍት ልትሄድ ነው፤ ለልጇ አሻንጉሊት ትፈልጋለች። ስልኳን አውጥታ ሥዕሉን አሳየችን። ጦጣ ናት። ግን ምን ዓይነት ጦጣ! አበባ አበባ ያለበት ቁምጣ ታጥቃለች፣ የሣር ባርኔጣ ደፍታለች፣ ፎጣ በትከሻዋ ጣል አድርጋ ወገቧ ላይ የዋና ጎማ አጥልቃለች። ነርሷ እየሳቀች በስዋሂሊ «የባሕር ዳር ጦጣ ናት፣ ልጄ ባሕር ይወዳል» አለች።

ጋሽ በላቸው ስልኩን አፍንጫው ድረስ አስጠግቶ አየውና «አይ ጊዜ! እኛ ይሄን ጎማ የምናጠልቀው ልንሰጥም ስንል ነበር» አለ። ግን ሥራውን ተቀበለ። እኔ በደስታ ልሞት ደረስኩ።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። ጭንቅላቷ የሚጀመረው በስድስት ቋጠሮ ነው፤ በየዙሩ ስድስት ስድስት እየተጨመረ አርባ ሁለት ሲደርስ መስፋቱን ያቆማል፤ ከዚያ ለብዙ ዙር አርባ ሁለት እንዳለ ይቀጥላል። በአንድ ቋጠሮ ከተሳሳቱ ጭንቅላቱ ይጣመማል። ጋሽ በላቸው መነጽሩ አንድ በኩል የተሰነጠቀ ነበርና፣ ፋኖሱንም ላምባ እንዳያልቅ ብሎ አምሽቶ ነው የሚያበራው፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ዙር ሲያልቅ ሥራውን ለእኔ ያቀብለኛል። «ጣቴ ቆጥሯል፣ አንቺ ደግሞ መስክሪ» ይላል። ምስክሬ ብሎም ይጠራኝ ነበር። ሰሚራ የሚለውን ስሜን የሚያነሣው ሲቆጣ ብቻ ነው።

አንድ ዙር ማለት የጦጢት የአንድ ቀን መንገድ ነበር። ጦጢት ከኬላው ጀርባ ካለው ግራር ላይ ተቀምጣ ሳለ አንድ የሎሪ ሾፌር ዳር የሌለው ውኃ አለ ሲል ሰማች። «ዳር ከሌለውማ ሳላየው አልሞትም» ብላ ተነሣች። በአሥራ ሁለት ቋጠሮ የሎሪው ጭነት ላይ ወጣች፣ በሃያ አራት ጎዶማ ደርሳ ከፍየሎች ጋር ስለ ውኃ ተጣላች፣ በአርባ ሁለት ዋልዳ ገባች። ዋልዳ ላይ ካርድ የሌለው አያልፍም ተባለች። ሰልፍ ያዘች። የሰልፉን ነገር ጋሽ በላቸው ሲያወራው፣ ከፊቷ ስለ ቆሙት ሰዎች፣ በላስቲክ ድንኳኑ ውስጥ ስለሚነፍሰው አቧራ፣ በየቀኑ ነገ ስለሚላት ጸሐፊ፣ ድምፁ ዝቅ እያለ ይሄድ ነበር። ተረት መሆኑን የሚረሳ ይመስለኛል። ያኔ ግን አላስተዋልኩም፤ እኔ የምፈልገው ጦጢት ባሕሩ ጋ ደርሳ ጋሼ ስለ ባሕር አፉን የሚከፍትበትን ቀን ነበር፣ ደግሞም ያ ቀን እንዳይመጣ እፈልግ ነበር፣ ከዚያ በኋላ ዝምታው ነዋ የሚቀጥለው።

የመጀመሪያው ስሕተት እውነተኛ ስሕተት ነበር። እማዬ ዘግይታ ስለነበር ዓይኔ መንገዱ ላይ ነው፤ ስቆጥር አንድ ቋጠሮ ዘለልኩና «አርባ አንድ» አልኩት።

«አንድ ጎደለች? ወይ ጉድ» አለና ዙሩን ሙሉ ተረተረው። ክሩ ሲመለስ ተረቱም አብሮ ተመለሰ። ጦጢት ካርዷን አግኝታ ልታልፍ ስትል ኮፍያው ከጆሮው የሰፋ አስካሪ «ይቺ ፎቶ አንቺን አትመስልም፣ ሩዲ! ተመለሺ!» ብሎ ወደ ሰልፉ መጨረሻ መለሳት። አስካሪውን በአፍንጫው እየተናገረ ሲያስመስለው በሳቅ ፈረስኩ። እማዬም ያን ጊዜ መጣች፤ ሻንጣዋን አውርዳ እሷም ሳቀች። ደክሟት እግሯን ማንሣት አቅቷት እንኳ ሳቀች።

በማግስቱ በትክክል ቆጠርኩ። አርባ ሁለት ነው። ሁለት ጊዜ ቆጠርኩ፣ አርባ ሁለት ነው። ከዚያ አፌን ከፍቼ «አርባ አንድ» አልኩ።

ምን ነካኝ ብዬ ዛሬ አልጠይቅም፤ የነካኝን አውቀዋለሁ። አንድ ዙር ከተተረተረ የጦጢት መንገድ በአንድ ቀን ይረዝምልኛል። ሂሳቡ ይኸው ነው። ጋሼ «እንዴት ነው ነገሩ!» ብሎ መነጽሩን ጠረገ፣ ተረተረ፣ ጦጢትንም መለሳት። ግን በዚህኛው ምላሽ አስካሪው ኮፍያም አልነበረው፣ በአፍንጫውም አልተናገረም። «መለሳት» ብቻ ነበር ያለው።

በሦስተኛው ቀን ደግሜ አደረግሁት። አርባ አንድ ስለው ወዲያው አልተረተረም። ሥራውን ከእጄ ወሰደና ወደ ጂኮው ብርሃን ጎንበስ ብሎ በጥፍሩ እየነካ፣ በሹክሹክታ፣ አንድ በአንድ ቆጠረ። ከንፈሩን አያለሁ። አርባ ሁለት ላይ ቆመ።

«እኔ አርባ ሁለት ነው የሚመጣልኝ» አለ።

«አርባ አንድ ነው፣ ጋሼ» አልኩ።

ረጅም ጊዜ አየኝ። እንዳይነቃብኝ ዓይኔን አልነቀልኩም፤ እንዴት ያለሁ ደፋር ነበርኩ! ከዚያ ራሱን ነቀነቀና «ልጅ ያየውን ነው የሚናገር» አለ። «አባቴንም በእኔ ዕድሜ እንዲህ ነው የጀመረው። መጀመሪያ ቁጥር ሸሸው፣ ቀጥሎ ዓይኑ። በመጨረሻ እኔንም በድምፄ ነበር የሚለየኝ።»

መንገር ያለብኝ ያኔ ነው። ልናገር ስል እማዬ ውሸት ስትሰማ የምታደርገው ትዝ አለኝና ተውኩት።

ጋሽ በላቸው ዙሩን ተረተረና እንደገና ጀመረ። ጦጢት ምን ሆነች ብዬ ብጠብቅ፣ ብጠብቅ፣ ከአፉ የወጣው «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ነው። ወሬው ነው የሚያሳስተኝ ብሎ ደምድሟል። ከዚያ ማታ ጀምሮ ጭንቅላቷን ሲዘጋ፣ ገላዋን ሲሠራ፣ ጅራቷን ሲያስረዝም፣ ቁምጣውን በአረንጓዴና በቢጫ ሲያበጅ፣ ለዚያች ትንሽ የዋና ጎማ ነጭና ቀይ ሲያፈራርቅ፣ ቁጥር ብቻ ነበር የማደምጠው። ተረቱ እንዲረዝም የዋሸሁት ውሸት ተረቱን ገደለው። ለእኔም ሥራውን ማቀበል ተወ፤ ራሱ ቆጥሮ፣ ደግሞ ቆጥሮ፣ ሦስተኛ ቆጥሮ ነበር የሚያልፈው። ስንት ጊዜ የላምባው ጭስ ፊቱን እየሸፈነው ሲቆጥር አይቼዋለሁ።

ዓርብ ጠዋት ነርሷ ስትመጣ ጦጢት አልቃ ግድግዳው ሥር ተቀምጣለች። ቆንጆ ነበረች፣ አላህ ምስክሬ ነው። ሆዷ በልብስ ሰፊ ቁርጥራጭ ጨርቅ ተሞልቶ ድብልብል ብሏል፣ ባርኔጣዋ ግንባሯ ላይ ዘመም ብላለች፣ ጭንቅላቷ አንዲት ቋጠሮ እንኳ አልተጣመመም። ነርሷ «ምዙሪ ሳና! በጣም ቆንጆ!» እያለች ጉንጯን ሳመቻት። ጋሽ በላቸው ግን ጦጢትን አላያትም ነበር። መንጠቆውን በባዶ የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ውስጥ ከተተና ክዳኑን ገጠመ።

«ይብቃኝ» አለ። «ከእንግዲህ የሰው ሥራ ማበላሸት ነው።»

ከዚያ በኋላ ሰዎች ሲመጡ ይመልሳቸው ነበር። ለሕፃን ኮፍያ ሥራልን፣ ለሙሽራ የትራስ ልብስ ሥራልን ሲሉት «ዓይኔ ከድቶኛል» ነው መልሱ። እማዬ «ፖሌ፣ አይዞህ፣ እርጅና ነው፣ ምን ይደረጋል» እያለች ወጥ ታደርስለታለች። እኔ ደግሞ አድርሺ ስባል ሳህኑን ደጃፉ ላይ አኑሬ እሮጥ ነበር። ያ እጁ ባዶውን ጉልበቱ ላይ ተቀምጦ ሳየው መቀመጥ አልችልም። ቤት ውስጥ ብቻዬን መፍራቱን መረጥኩ።

ስምንት ዓመት እንዲህ አለፈ። አሥራ ሰባት ሲሞላኝ ናይሮቢ ልማር ልሄድ ሆነ፤ ያኔ መንገዱ አስፋልት ሆኖ አውቶቡስ ገብቶ ነበር። ልሰናበተው ሄድኩ። በዚያን ጊዜ የጋሽ በላቸው ሁለቱም ዓይኖቹ ሞራ ለብሰዋል፤ ጥላ እንጂ ሰው አይለይም። እግሬን ሰምቶ «ምስክሬ ነሽ?» አለኝ። ያን ስም ስምንት ዓመት ሙሉ አልጠራኝም ነበር። አላስቻለኝም፤ እግሩ ሥር ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኩት። አርባ ሁለት እንደነበረ፣ ሁልጊዜም አርባ ሁለት እንደነበረ።

ይጮህብኛል ብዬ ነበር። ምነው ባደረገው። እጁን ግድግዳው ላይ አሳረፈና «በሦስተኛውም ቀን?» አለ።

«በሦስተኛውም ቀን፣ ጋሼ።»

«ስለዚህ ያን ሁሉ ዓመት ዓይኔ ያይ ነበር» አለ።

አለቀስኩ። ይቅር በለኝ አልኩት። «ተዪው፣ ልጅ ነበርሽ» አለኝ፤ የተናገረው ግን የደከመው ሰው ነገር እንዲያልፍለት በሚናገርበት ድምፅ ነበር፣ ምንም አላቀለለኝም። ከዚያ በእጁ እየዳበሰ ያችን ቆርቆሮ ከአልጋው ሥር አወጣና ሰጠኝ። መንጠቆው ዝጓል። ክፉ ዝምታ ሆነ፣ ያው የልጅነቴ ዝምታ። እሱን ለመስበር ብዬ ይመስለኛል፣ ጅል ነኝ፣ «ጋሼ፣ ጦጢት ግን ባሕሩ ጋ ደረሰች?» ብዬ ጠየቅሁት።

«እኔ ምን አውቃለሁ» አለ። «የመለስሻት አንቺ ነሽ።»

አሁን ናይሮቢ ከሥራ ደክሞኝ ስገባ አንዳንድ ማታ ያን መንጠቆ አወጣለሁ። ዝገቱን በአሸዋ አስለቅቄዋለሁ። ለጎረቤቴ ልጅ ድብ ሠርቻለሁ፣ ጥንቸል ሠርቻለሁ፤ ጦጣ ግን ጀምሬ ጨርሼ አላውቅም። አርባ ሁለት ላይ ስደርስ ቆም እላለሁ፣ በጥፍሬ እየነካሁ እቆጥራለሁ፣ ደግሜ እቆጥራለሁ። ልክ ነው። ሁልጊዜም ልክ ነው። ጮክ ብዬ «አርባ ሁለት» እላለሁ፣ የሚሰማኝ ሰው ግን የለም።