ፈቃዱ ከሰርዶ ማዶ

ሰመራ ስመደብ ኮምፒውተር አውቃለሁ ብዬ ለማንም አላወራሁም። አንድ ቀን ከፕሪንተር ውስጥ የተጣበቀ ወረቀት ስላወጣሁ ብቻ፣ የቢሮው የኮምፒውተር ባለሙያ ግመሎቹን ሊያይ ገጠር ሲወርድ ነገሩ ሁሉ በእኔ ላይ ወደቀ።

አጠገቤ የምትሠራው ባልደረባዬ አፋር ናት። አባቷ ከመሞታቸው በፊት የዘር ሐረጋቸውን ከአባት ወደ አያት እየቆጠሩ ሲናገሩ በስልኳ ቀድታ ነበር። ስልኩ ጠፋ፤ የቀረው በቢሮው ኮምፒውተር ላይ የገለበጠችው ብቻ ነው። አሁን ያ ድምፅ ያለበት አሮጌ ዲስክ ቀጭ ቀጭ ማለት ጀመረ።

አዲስ ዲስክ ጨመርኩ። ኮምፒውተሩ የሚሠራበት ሥርዓት፣ ሊኑክሱ፣ አየው፣ ከፈተልኝም። ፋይሉን ላሳርፍበት ስል ግን «ፈቃድ የለህም» አለኝ። በኮምፒውተሩ ዓይን የዲስኩ ባለቤት አስተዳዳሪው፣ ማለትም ባለሙያው ነው፤ ሌላው ሰው ማየት እንጂ መጻፍ አይችልም። በገዛ እጄ የሰካሁትን ዲስክ! የይለፍ ቃሉ ደግሞ ከግመሎቹ ጋር ነው። ሌላ መላም አልነበረን፦ ኮምፒውተሩ ፍላሽ እንዳይቀበል ተደርጓል፣ በውስጡ ሌላ ቦታ አልቀረም፣ ኢንተርኔት የለም፣ አጫውተን በስልክ እንዳንቀዳውም ድምፅ ማውጫው ከተቃጠለ ቆይቷል።

«ባለሙያው ያለበት ቦታ ስልክ አይሠራም። በዳጉ እንላክለት» አለችኝ።

አፋር መንገድ ላይ ሲገናኝ ቁጭ ብሎ ያየውን የሰማውን ይነጋገራል፤ የሰማም ሳይጨምር ሳይቀንስ ለሚቀጥለው ያደርሳል። ዳጉ ይሉታል። ባለሙያው ያለው ከሰርዶ ማዶ ስለሆነ፣ ወደ ሰርዶ ለሚሄድ የጭነት መኪና ሾፌር ነገረችው። እኔ በሆዴ ሳቅሁ።

ከቀናት በኋላ አንድ የማናውቃቸው አዛውንት መጥተው ተቀመጡ። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ሣሩ፣ ስለ ወለደችው ግመል አወሩ፤ እሷ ትተረጉምልኛለች። መጨረሻ ላይ መልእክቱን ሰጡን። የይለፍ ቃሉ ከባለሙያው ግመሎች የአንዷ ስም ነው፣ በትንንሽ የእንግሊዝኛ ፊደል። እስከ ሰርዶ ያለ ሰው ሁሉ የቢሮአችንን ምስጢር አወቀ ማለት ነው፤ ማን ግድ ሰጥቶት!

መብራት አልነበረም፤ ከአዛውንቱ ጋር ሦስታችንም ጠበቅን። ሲመጣ የግመሏን ስም ጻፍኩ፣ ዲስኩን በእኛ ስም አዛወርኩ፣ መጻፍ ፈቀደ። ደስ ብሎኝ ወደ አሮጌው ዲስክ ዞርኩ። የለም፤ ኮምፒውተሩ አያየውም። አጠፋሁ፣ አበራሁ፣ ነቅዬ መልሼ ሰካሁ። ቀጭ ቀጭ ማለቱ እንኳ ቆሟል። እሷ እጄን እጄን ታያለች።

አዛውንቱም የዳጉ ደንብ ነውና ከመሄዳቸው በፊት፣ እኔስ ምን ይዤ ልሂድ ብለው ጠየቋት። በዳጉ አይዋሽም።

«የአባቴ ድምፅ ጠፋ» አለቻቸው።

አዛውንቱ ቃሏን አንድም ሳያጎድሉ ደገሙት። ከዚያ መዳፋቸውን ዘርግተው፣ ሰው ሲሞት እንደሚባለው፣ «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አሉ። ይህን ማንም አልተረጎመልኝም። ሻሿን ፊቷ ላይ ጥላ አለቀሰች። እኔም ሌላ የማውቀው ነገር ስላልነበረ፣ ለቅሶ እንደ መጣ ሰው አጠገባቸው ተቀመጥኩ።