ዝም ያለ ድንጋይ

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴም ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም። በአፌ መናገር ስለማይሆንልኝ ግን ልጻፈው።

አባቴ ላሊበላ ቅዳሜ ገበያ ጥግ ተቀምጦ ሰው ይላጭ ነበር። ወጣቱ ሁሉ ወደ ኤሌክትሪኩ መላጫ፣ ወደ ቶንዶስ ሲሄድ እሱ በሚታጠፈው ምላጩ ቀረ፤ የሚመጡለት ሽማግሌዎች ብቻ ነበሩ። ምላጩን ማንም አይነካበትም። "ምላጬ" ሲል ስለ ልጁ የሚያወራ ይመስላል። የእኔ ሥራ ድንጋይ መልቀም ነበር።

የእኛ አገር ቀይ ድንጋይ ቤተ ክርስቲያን ይፈለፈልበታል እንጂ ምላጭ አይስልም፤ ይፈረፈራል። ስለዚህ ክረምቱ ሲወጣ ከከተማው በታች ወዳለው ወንዝ ወርደን ጎርፍ ያመጣውን ጥቁርና ልሙጥ ድንጋይ እንፈልጋለን። አባቴ ድንጋዩን በውኃ ያርስና ምላጩን ስቦበት ጆሮውን ያዘነብላል። ከጮኸ ለማጭድ ነው፤ ዝም ካለ ለምላጭ።

አንድ ደንበኛው፣ "ይቺ ልጅህ ምላስ የላትም እንዴ?" አለው።

"አላት። ዝም ያለ ድንጋይ ላይ እየሳለችው ነው፤ ስትጨርስ ወዮልህ!"

በነጠላዬ ተሸፍኜ ሳቅሁ።

አምና ታመመ፤ ዓይኑም ፈዘዘ። የንስሐ አባቱ እሑድ እንዲቆርብ ነገሩት። ቅዳሜ ጠዋት ጢሙን ዳበሰና፣ "እንዲህ ጎፍሬ አልቆርብም። ላጪኝ" አለኝ። ምላጩ ዶልዱሟል፤ የድሮው ድንጋይም መሐሉ ተበልቶ ጎድጉዷል። በዶለዶመ ምላጭ ብቆርጠው ደግሞ ጉድ ነው፤ ደም የሚፈሰው ሰው አይቆርብም።

ብቻዬን ወንዝ ወርጄ ድንጋይ ለቅሜ መጣሁ። አልጋው አጠገብ ተቀምጬ ምላጩን በአንዱ ላይ ስስብ ጮኸ።

"ይቺስ ጎረቤታችን ናት፤ ተያት" አለ።

ሌላውም ጮኸ። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል አንዱ ዝም አለ። አባቴ ጆሮውን አዘንብሎ ቆየና፣ "አንቺን መሰለ" አለኝ። ምላጩን እዚያው ላይ ሳልኩት።

ጉንጩ ወደ ውስጥ ገብቶ ስለነበር ቆዳውን በጣቴ እየወጠርኩ ላጨሁት።

"ደማ ወይ?"

"አልደማም፣ አባ።"

በማግሥቱ በቃሬዛ ተሸክመው ወስደው አቆረቡት። ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ አንደበቱ ተዘግቶ ነበር፤ በሳምንቱ ቀበርነው። ለእኔ የመጨረሻ ቃሉ በላጨሁት ማታ አገጩን በመዳፉ እየዳበሰ ያለኝ ነው፦

"ምላጭሽን አድርቀሽ አስቀምጪ፤ ይዝግብሻል።"