የእማማ የሺአረግ አቡጀዲ

ያን ቀን ከጣና የተነሣው ነፋስ ከቀትር ጀምሮ አላረፈም፤ የፋሲሎ ሰፈርን ሜዳ አቧራ እያፈሰ በየደጁ ይበትን ነበር። ጊዜው ግንቦት 1973 ዓ.ም. ነው። ውዴ ከስፌት መኪናዋ ሳትነሣ የቀበሌው ሊቀ መንበር አስማማው በሯ ላይ መጥቶ ቆመ።

«ከአዲስ አበባ የፈረንሳይ ፊልም መጥቷል። የሚያሳዩበት ሸራ መንገድ ላይ ተቀደደ። ሰፊ ነጭ አቡጀዲ ያለው አንቺ ቤት ነው አሉ።»

«እሱ የእናቴ መግነዝ ነው።»

«ታዲያ እሳቸው ዛሬ ይሄዳሉ እንዴ? ለአንድ ምሽት ነው፤ አንበላውም።»

እናቷ እማማ የሺአረግ ጓዳ ተኝተዋል፤ ካመማቸው ሁለት ወር ሆኗቸዋል። አቡጀዲ ከገበያ ጠፍቶ ያንን በስንት ልመና ነው ያገኙት። ውዴ ሁለት ቁራጭ ጎን ለጎን ገጥማ ሰፋችው፤ እሳቸው ጠርዙ ላይ በቀይ ክር መስቀል ጠለፉበትና ሣጥን ውስጥ አኖሩት።

አስማማው የሰፈር ልጅ ቢሆንም ሊቀ መንበርን እንቢ ማለት አይቻልም። ውዴ እናቷን ሳታስፈቅድ አቡጀዲውን አወጣችና፣ በገመድ ይታሰር ብላ በአደራ ሰጠችው። ከዚያ ወዲያ መቀመጥ አቃታት።

ሲመሽ ሜዳው ሞላ። አቡጀዲው በሁለት የባሕር ዛፍ ቋሚዎች መካከል ተወጥሯል።

«በምስማር ነው እንዴ የመታችሁት? በገመድ አላልሁህም?» አለችው አስማማውን።

«ነፋሱን አታይም? ተቀመጪ፣ ጓዲት!»

ጀነሬተሩ ጮኸ፤ ሥዕሎቹ መንቀሳቀስ ጀመሩ። ሁለት ጨረቃ ባለበት አገር፣ ቅል የመሰለ ራስ ያላቸው ፍጡራን የሚበር ዓሣ ላይ ተፈናጠው ይሄዳሉ። ፈረንሳይኛውን የሚሰማ የለም። ስፌቱ ላይ በደረሱ ቁጥር አፍንጫቸው ስለሚጣመም ሕዝቡ ያውካካል።

«እንዲህ ያለ ዓሣ ጣና ላይ ቢያዝ ሰፈሩን ሁሉ ያጠግብ ነበር!» አለ አንዱ።

ውዴ የምታየው ምስማሩን ብቻ ነው። ነፋሱ በገፋ ቁጥር ጨርቁ ይነፋል፣ ቀዳዳው ይሰፋል። ጨርቁ ሲተረተር የሰማች መሰላት፤ ብድግ ብላ ሮጠችና ጠርዙን በእጇ ጨብጣ ያዘች።

«ውዴ፣ ዞር በይ! የጨረቃዋን ግማሽ ጋረድሽው!»

አልሰማችም። እስኪያልቅ እንደያዘች ቆመች። አምፖሉ ሲበራ እናቷ በጎረቤታቸው በሀቢባ ክንድ ተደግፈው ፊት ለፊቷ ቆመዋል።

«ጫጫታውን ሰምተው ካላየሁ ብለው አስቸገሩኝ» አለች ሀቢባ።

እማማ የሺአረግ ቀዩን መስቀል በጣታቸው ነኩት።

«የኔ ነው?»

«አዎ እምዬ። ነገ አጥቤ እመልሰዋለሁ።»

«ያ ሁሉ ጉድ በተራመደበት ተገንዤ ጌታዬ ፊት አልቀርብም። ለራስሽ አድርጊው።» ጨርቁን ቀና ብለው አዩና «ዓሣው ግን ያምር ነበር» አሉ።

ከዚያ በኋላ ሌላ አቡጀዲ መፈለግ ሆነ የውዴ ሥራ። «ሳይገኝ እንዳትሞችብኝ» ትላለች። «ሳይገኝማ ወዴት እሄዳለሁ?» ይላሉ። ሀቢባ ወረታ ገበያ ላይ ስታገኝላቸው ሁለት ዓመት አልፎ ነበር። በሳምንቱ አረፉ።

ውዴ ዛሬ ሹም አቦ ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይታ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። ያ የፊልሙ አቡጀዲ፣ እናቷ እንዳሉት ለራሷ መግነዝ ተብሎ፣ ከአልጋዋ ሥር ሣጥን ውስጥ ነው። የምስማሩን ቀዳዳዎች አልደፈነቻቸውም።