የግንቦት ደቃቅ ዓሦች

በእኛ ሐይቅ ክራፒ የሚባለው ዓሣ የሚጠመደው በሚያዝያ ነው። በሚያዝያ ትልልቆቹ እንቁላል ሊጥሉ ወደ ዳር ይወጣሉ፤ ያኔ መንጠቆ ይዞ የማያውቅ ሰው እንኳ ባልዲ ሞልቶ ይገባል። ግንቦት ሲመጣ ወደ ጥልቁ ይወርዱና የት እንደገቡ አይታወቅም። ዘንግ ላይ የሚንጠለጠለው መዳፍ የማትሞላ ደቃቅ ብቻ ትሆናለች።

የአክስቴ የኢሞጂን ባል ኦርቨል ስቴጎል ያን ዓመት ሚያዝያን ያሳለፈው ሆስፒታል፣ ከታመመችው ሚስቱ አልጋ አጠገብ ወንበር ላይ ነበር። ግንቦት ላይ ሐኪሞቹ ከእንግዲህ አይረዳትም ብለው መድኃኒቱን አቁመው ወደ ቤቷ ሸኟት። የእህል ጣዕም ከአፏ ጠፍቷል። ውሃውም ዳቦውም፣ እኔ የማመጣላት ሾርባም ብረት ብረት ይላታል።

“ሚስማር የምጠባ ነው የሚመስለኝ” ትል ነበር።

አንድ ጠዋት ግን ዓይኗን ጨፍና ቆየችና፣ “ክራፒ ቢሆን እኮ እበላ ነበር” አለች። “በበቆሎ ዱቄት ለውሰህ፣ ጠርዙ እስኪንኮሻኮሽ የጠበስከው። እሱን አፌ አይረሳውም።”

ከስንት ወር በኋላ የምግብ ስም ከአፏ ሲወጣ የመጀመሪያው ነበር። ኦርቨል ኮፍያውን አንስቶ ወጣ።

ኦርቨል እንጨት መሰንጠቂያው እስኪዘጋ ድረስ እዚያ የሠራ፣ ልጅ ያልወለደ፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነው። ሰፈሩ የሚያውቀው በአንድ ነገር ነበር፤ በደበቀው ቦታ። በየዓመቱ በብርዱ ወራት ጥድ ቆርጦ፣ ከብሎኬት ጋር አስሮ ሐይቁ ውስጥ ያሰምጣል። ዓሣ ጥላ ይወዳልና ቅርንጫፎቹ መሃል ይሰፍራል። ይህን ሁላችንም እናደርጋለን፤ የት እንዳሰመጥን ግን ለወንድማችንም አንናገርም። ኦርቨል ደግሞ ከሁላችንም ይብሳል። የቤተ ክርስቲያኑን ጫፍ ከውሃ ታንከሩ፣ የደረቀውን ዛፍ ከድልድዩ ጋር በዓይኑ እያስተካከለ ቦታውን ያገኘዋል። ሌላ ጀልባ ብቅ ካለ ዘንጉን አንስቶ፣ ብስኩት አውጥቶ፣ ለምሳ የቆመ ይመስል ይቆረጥማል።

“አንተ ኦርቨል” ይለው ነበር ጎረቤቱ ደብ ፕሩዊት፣ ማጥመጃ የሚሸጥበት ሱቅ በር ላይ ሰው ሰብስቦ። “ቀኑን ሙሉ ምሳ እየበላህ እንዲህ የምትከሳው ኮሶ አለብህ እንዴ?”

አክስቴም ቦታውን አታውቀውም። “ሌላ ሴት ብትሆን ኖሮ እስካሁን ደርሼባት ነበር” እያለች ትስቅ ነበር።

ግንቦት ላይ ደግሞ ሐይቁ በጀልባ ይሞላል። ኦርቨል ከጎህ በፊት ይወጣና ከቁጥቋጦ ጥግ ሆኖ ሰው እስኪያልፍ ይጠብቃል። አንዱ ሲያልፍ ሌላው ይመጣል። ሐይቁ ጭር ብሎ ቦታው ሲደርስ ፀሐይ አናት ላይ ወጥታለች። የሚይዘው ያንኑ ደቃቅ ነው። መቅዘፊያው ላይ ሕጉ የሚፈቅደውን ርዝመት በቢላ ምልክት አድርጎበታል፤ ከምልክቱ ያነሰ ዓሣ ቤቱ ገብቶ አያውቅም። እየለካ ይመልሳቸዋል።

“አገኘህ?” ትለዋለች ከአልጋዋ።

“ደቃቅ ነው። መለስኩት።”

“እንግዲያ ነገ ይሆናላ።”

ነገም ያው ሆነ። እሷ በየቀኑ እያነሰች ሄደች። በመጨረሻ በረንዳ ላይ ያዝኩትና፣ “አጎቴ፣ ደብን ለምነው። ጀልባው ላይ የውሃውን ሥር የሚያሳይ መሣሪያ አለው” አልኩት።

“ደብ ካየው አገር አየው ማለት ነው።”

“ይየው! ምን አለበት?”

መቅዘፊያውን አንስቶ ወደ ሐይቁ ወረደ። ነገር ግን ኢሞጂን ያለ ደጋፊ መቀመጥ ያቃታት ቀን፣ ኦርቨል ኮፍያውን በእጁ ይዞ ከደብ በር ላይ ቆመ። ይህን የነገረኝ ራሱ ደብ ነው።

“ቦታዬን ላሳይህ ነው የመጣሁት” አለው።

ደብ “ምሳህን ይዘሃል?” ሊለው ከጀለና ፊቱን ሲያየው ዋጠው። ተነሥቶ የጀልባውን ቁልፍ አመጣ።

ኦርቨል ከፊት ተቀምጦ በጣቱ መራው። ወደ ግራ፤ ትንሽ ወደኋላ፤ እዚህ። ደብ የመሣሪያው ስክሪን ላይ አጎንብሶ ቆየ። ጀልባዋን በዝግታ አዙሮ እንደገና አየ።

“ኦርቨል፣ እርግጠኛ ነህ?”

“ዓይኔን ጨፍኜ አገኘዋለሁ።”

“ሥሩ ላይ ምንም የለም። ጭቃ ነው።”

አክስቴ ከታመመች ወዲህ ኦርቨል አንድም ጥድ አላሰመጠም። የድሮዎቹ በስብሰው አልቀዋል። ስንቱን ጠዋት ቁጥቋጦ ሥር ተሸሽጎ ያሳለፈው ለዚህ ነበር።

“እንግዲህ ጭቃ ስጠብቅ ነው የከረምኩት” አለ።

ዕድሜውን ሙሉ በኦርቨል ሲቀልድ የኖረው ደብ ያኔ ሞተሩን አስነሣ። የራሱን ቦታዎች አንድ በአንድ ከፈተለት። እስኪመሽ ዞሩ። ከየቦታው የወጣችው ያቺው ደቃቅ፣ አፏ እንደ ወረቀት የሚቀደድ የግንቦት ክራፒ ነበረች። ሲመሽ ኦርቨል መለካቱን ተወ። የያዘውን ባልዲው ውስጥ ሲጨምር ደብ ፊቱን ወደ ዳሩ አዞረ።

እኔ ከአክስቴ ጋር ቤት ነበርኩ። የዓሦቹ ሥጋ ተገፍፎ ሲወጣ ጣት አያህልም። ኦርቨል ጠብሶ በሳህን አቀረበላት። አክስቴ ዕድሜዋን ሙሉ ዓሣ ስታጸዳ የኖረች ሴት ናት፤ አንዴ አየችው።

“ይሄ የሕግ ዓሣ ነው?”

“ነው።”

“ውሸታም” አለችና ሳቀች። በሁለት ጣቶቿ አንስታ ጎረሰች።

ቆመን ጠበቅን። አላመጠች። ብዙ አላመጠች፤ ዓይኗ ግን እኛን አላየም፣ የሆነ ነገር አፏ ውስጥ የምትፈልግ ትመስል ነበር።

“ኢሞ?” አላት ኦርቨል።

በመሐረብ ተፋችው። እጁን ፈልጋ ያዘች።

“ብረት ነው፣ ኦርቨል።”

ሳህኑን ይዞ ወደ ማድቤት ገባ። ዓሣ ገድሎ መጣል በእኛ ዘንድ ነውር ነው። ምድጃው አጠገብ ቆሞ፣ ጀርባውን ሰጥቶኝ፣ አንድም ሳያስቀር በላው።

ሰኔ ሳይጋመስ ቀበርናት።

ብርዱ ሲገባ ደብ ፒካፑን ጥድና ብሎኬት ጭኖ በር ላይ ጥሩምባ ነፋ። “ና፣ የዓሦችህን ቤት እንሥራልህ!” አለው። ኦርቨል በረንዳው ላይ ወጥቶ ጭነቱን አየ፤ ጥሩ ጥድ ነው አለ፤ ጫማውን ግን አላደረገም። ደብ ብቻውን ሄዶ፣ እዚያው የኦርቨል ቦታ ላይ አሰመጠው።

በሚያዝያ ከዚያ ትልልቅ ክራፒ ወጣ። ደብ የተገፈፈውን በላስቲክ እየቋጠረ በረንዳው ላይ ያስቀምጥለታል። ኦርቨል ያመሰግነዋል፤ እስኪርቅም ይጠብቅና ቋጠሮውን ፈትቶ ለሰፈሩ ድመቶች ይበትነዋል።